ራስ ደስታ ዳምጠው እና የተዘነጋው የደቡብ ግንባር
የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የምትታወሰው አዲስ አበባ ላይ በግራዚያኒ ላይ በተወረወረው ቦምብና ከዚያ በኋላ በከተማው ሕዝብ ላይ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ነው። በዚያችው ዕለት ግን ከመዲናይቱ በስተደቡብ፣ በጉራጌ ምድር ጎጌቲ በተባለ ስፍራ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላም ሳይበተን የቆየው የደቡብ ጦር የመጨረሻውን ትልቅ ውጊያ ያደርግ ነበር። የጦሩ መሪ ራስ ደስታ ዳምጠው ነበሩ። የአዲስ አበባው ሰቆቃ ግዙፍ በመሆኑ ጎጌቲ በጥላው ሥር ወድቃ ቀርታለች።

ራስ ደስታ የፊታውራሪ ዳምጠው ከተማ ልጅ ናቸው። አባታቸው በ1887 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ታዘው የኢትዮጵያን የመልእክት ጓድ ወደ ሩሲያ የመሩ፣ በማግሥቱ ዓመት ዐድዋ ላይ የወደቁ ሰው ነበሩ። ደስታ ያኔ ገና ሕፃን ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. የአልጋ ወራሽ ተፈሪን ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅን አገቡ፤ ኋላም የሲዳሞ ገዥ ሆኑ። በ1925 ዓ.ም. ልዩ መልእክተኛ ሆነው ወደ አሜሪካ ተጉዘው ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ተገናኝተዋል።

ጣሊያን አገሪቱን በወረረች ጊዜ የሰሜኑ ግንባር የዓለምን ዓይን ስቦ ሳለ፣ ራስ ደስታ ጦራቸውን ከሲዳሞ ደጋ አውርደው በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ወደ ዶሎ አመሩ። አሳቡ ግራዚያኒን በራሱ የጦር ሰፈር ለመግጠም ነበር። አሳቡ ደፋር ነው፤ ሆኖም ጦሩ በበረሃው ላይ ሳምንታት ሲጓዝ ከአውሮፕላን የሚሸሸግበት ጥላ አልነበረውም። ከቦምቡ ጋር የመርዝ ጋዝም ወረደበት። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል የመስክ ሆስፒታል ተደበደበ፤ አንድ ስዊድናዊ ረዳትና በርካታ ሕሙማን ሞቱ። ጣሊያኖች ድርጊቱን ለተገደለ አብራሪያቸው የተወሰደ በቀል አድርገው አቀረቡት።

በጥር ወር መጀመሪያ ግራዚያኒ በብረት ለበስና በጭነት መኪናዎች የተጫነ ጦሩን አዘመተ። የራስ ደስታ ሰዎች ከወንዙ ዳር ተገፍተው ከውኃ ተለዩ፤ ወደ ገናሌ ለመመለስ የሞከረውን መትረየስ ይጠብቀው ነበር። በዚያ ውጊያ ጥም የገደለው ሰው ጥይት ከገደለው የሚያንስ አይመስልም። በጥምቀት ሰሞን ነገሌ በጠላት እጅ ገባች። በዚህ ሽንፈት መካከል ግን ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ፦ በመቶ የሚቆጠሩ ኤርትራውያን አስካሪዎች የጣሊያንን ጦር ከድተው ወደ ኢትዮጵያ ወገን ተቀላቅለዋል።

ሌላ ጦር ቢሆን እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ራስ ደስታ የተረፈውን ሰው ሰብስበው ወደ ደጋው ወጡና ይርጋለምን መቀመጫ አደረጉ። በሚያዝያ ወር መጨረሻ አዲስ አበባ ተይዛ፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ወደ ስደት ሄደው ሳለ፣ እርሳቸው የሲዳሞን ጫካና ገደል ምሽግ አድርገው ክረምቱን አሳለፉ። የቀረበላቸውን የእጅ ስጡ ጥያቄ አልተቀበሉም። ይርጋለም በኅዳር 1929 ዓ.ም. ስትያዝ ወደ አርቤጎና ተራሮች አፈገፈጉ። የባሌው ገዥ ደጃዝማች በየነ መርዕድ እና ደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪም አብረዋቸው ነበሩ። ስንቅና ጥይት እያለቀ፣ ከየአቅጣጫው እየተከበቡ፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ መውጫ ፍለጋ ሲጓዙ ጎጌቲ ላይ ተያዘባቸው።

በዚያ ውጊያ ደጃዝማች ገብረ ማርያም ወደቁ። ደጃዝማች በየነ መርዕድ ተማርከው ተገደሉ። ራስ ደስታ ከከበባው ቢያመልጡም ከጥቂት ቀናት በላይ አልቆዩም። ቡታጅራ አካባቢ የያዟቸው ከጣሊያን ጋር የተሰለፉ የአገር ልጆች ነበሩ፤ ነገሩ መራራ ቢሆንም ታሪኩ ይኸው ነው። የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በጥይት ተረሸኑ። በጦር ሜዳ የተማረከ አዛዥ ሊያገኝ የሚገባው መብት አልተጠበቀላቸውም።

የደጃዝማች በየነ ባለቤት ልዕልት ሮማነወርቅ፣ እርሷም የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ፣ ከልጆቿ ጋር ወደ ጣሊያን ተግዛ በ1933 ዓ.ም. እዚያው አረፈች። ልዕልት ተናኘወርቅ ከነጻነት በኋላ ወደ አገሯ ተመልሳለች፤ ከራስ ደስታ የወለደችው እስክንድር ደስታም የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የጦር መኰንን ሆኗል።

በአዲስ አበባ በስማቸው የተሰየመው የራስ ደስታ ዳምጠው መታሰቢያ ሆስፒታል ዛሬም ሕሙማንን ይቀበላል። የደጃዝማች ገብረ ማርያምም ስም ፈረንሳይኛ በሚያስተምረው ሊሴ ገብረ ማርያም ትምህርት ቤት በር ላይ አለ።