አንሰል አዳምስና የወረቀት ጥቁር

ስክሪን ላይ ጥላው ውስጥ ያለው ሁሉ ቁልጭ ብሎ የሚታይ አንድ ፎቶ ሳትመው ጥላው ጥላሸት ሆኖ ቀረ። ማተሚያው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ መሆኑ የገባኝ የአንሰል አዳምስን ሕይወት ሳነብ ነው።

አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1902 በሳን ፍራንሲስኮ ተወለደ። በ1906ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ወድቆ አፍንጫው ተሰበረ፤ እንደጠመመም ቀረ። በ1916 ዮሰሚቲን ሲጎበኝ ወላጆቹ ኮዳክ ካሜራ ሰጡት። ሐሳቡ ግን ፒያኖ ተጫዋች መሆን ነበር፤ ቁርጡን ለይቶ ወደ ፎቶግራፍ የዞረው በ1930 ገደማ ነው። የሙዚቃ ትምህርቱ ታዲያ ከንቱ አልቀረም፤ ኔጌቲቩን እንደ ኖታ፣ ህትመቱን ደግሞ እንደ ጨዋታው ይቆጥር ነበር።

በ1940 ገደማ ከፍሬድ አርቸር ጋር ዞን ሲስተም የተባለውን ዘዴ አዘጋጀ። ችግሩ እንዲህ ነው፦ ከፊታችን ያለው ነገር ከደማቁ እስከ ጨለማው 1000 እጥፍ ሊለያይ ይችላል፤ ይህ 10 ስቶፕ ያህል ነው። ዳይናሚክ ሬንጅ የምንለው ይህንን ነው። ወረቀት ግን የሚለካው በዴንሲቲ ነው። ዴንሲቲ ሎጋሪዝም ስለሆነ 0.3 በጨመረ ቁጥር ከወረቀቱ የሚመለሰው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። የጥሩ አንጸባራቂ ወረቀት ነጩ 0.1፣ ጥቁሩ 2.1 ገደማ ነው። ልዩነቱ 2.0 ሲሆን ይህም 100 እጥፍ፣ ማለትም 7 ስቶፕ እንኳ የማይሞላ ነው። 1000ው 100 ውስጥ ሳይጨመቅ አይገባም እኮ! የቱ ይጨመቅ፣ የቱ ይቅር የሚለውን የሚወስነው አታሚው ነው።

በ1941 አዳምስ ሄርናንዴዝ በምትባል የኒው ሜክሲኮ መንደር ጨረቃ ስትወጣ አየ። ብርሃን መለኪያውን ፈልጎ አጣው፤ የጨረቃን ድምቀት በቃሉ ያውቅ ስለነበር በዚያ አስልቶ አነሳ። ሁለተኛ ሳያነሳ ፀሐይዋ ከመቃብሩ መስቀሎች ላይ ሸሸች። የኔጌቲቩ የታችኛው ክፍል ስስ ስለነበር በ1948 በኬሚካል አጠነከረው። በመጀመሪያዎቹ ህትመቶች ሰማዩ ገርጣ ያለ ነበር፤ በኋለኞቹ ወደ ጥቁር ተጠጋ። ኔጌቲቩ ያው አንድ ነው፤ የተለወጠው ውሳኔው ነው። አዳምስ በ1984 አረፈ።

እኔም ፎቶዬን እንደገና አተምኩት። ሰማዩ ላይ የነበረው ደመና ጠፋ፤ ጥላው ሥር የተቀመጡት ሰዎች ፊት ግን ታየ።