ከሜዳ የተከለከሉት ብላቴና የአፍሪካን ሜዳ ጠበቁ

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም የፋሺስት ጣሊያን ጦር ከደቡብ ተነሥቶ በኦጋዴን ምድር ወደ ሰሜን ገሰገሰ። በጉናጋዶ፣ በሳሳበኔና በደገሀቡር መስመር ምሽግ ይዘው የጠበቁት የኢትዮጵያ ተዋጊዎች ከሰማይ ቦምብ እየዘነበባቸው ተዋደቁ። ምሽጎቹ አንድ በአንድ ተሰበሩ፤ ጅጅጋም በጠላት እጅ ገባች። በዚያው ሰሞን ከሰሜን የመጣው ሌላው የወራሪ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባን ያዘ።

በዋና ከተማዋ ያን ጊዜ አንድ የአሥራ አራት ዓመት ብላቴና ነበሩ። ነፍሳቸው ከኳስ ጋር የተሳሰረች፣ በዚያው ዓመት በተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ውስጥ መጫወት የጀመሩ ልጅ ናቸው። ወራሪው ከተማዋን በያዘ ጊዜ ለዚህ ልጅ ኳስ መጫወት አልተከለከለም፤ የተከለከለው ከነጭ ጋር በአንድ ሜዳ መሰለፍ ነበር። ብላቴናው ይድነቃቸው ተሰማ ይባላሉ። ያ ክልከላ የጣለባቸው ቁስል ሳይሽር አድገው፣ ከአፍሪካ እግር ኳስ ታላላቅ አባቶች አንዱ ለመሆን በቁ።

ይድነቃቸው የተወለዱት በጅማ ከተማ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔያቸውና በዜማቸው የታወቁ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። ልጁ ከአባታቸው የወረሱት ዜማውን ሳይሆን የአንደበት ብርታቱን ነው። ይህ አንደበት ኋላ በዓለም አደባባይ ለአንድ አህጉር ጥብቅና ቆመ።

በወረራው ዓመታት የጣሊያን አስተዳደር ስፖርቱን በቀለም ከፈለው። ነጮች ለብቻቸው፣ የአገሩ ተወላጆችም ለብቻቸው እንዲጫወቱ ተደረገ። የኢትዮጵያውያን ቡድኖች ስማቸው ሳይቀር ተለወጠ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተብሎ እንዲጠራ ተገደደ። ወጣቱ ይድነቃቸው በዚህ የውርደት ስም ሥር ሆነው ኳሳቸውን መግፋት አልተዉም። በገዛ አገራቸው ባይተዋር የሆኑበትን ያን ሜዳ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ አልረሱትም።

እንዲህ ያለው አጥር የፋሺስቶች ብቻ አልነበረም። በአሜሪካ ቤዝቦል የሚባል በዱላ የሚመታ የኳስ ጨዋታ አለ። በዚህ ጨዋታ ኳሷን በእጁ ወርውሮ መቺውን የሚያስተው ወርዋሪ የቡድኑ ምሰሶ ነው። ሳቸል ፔጅ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ በጨዋታው ታሪክ ከታዩት ታላላቅ ወርዋሪዎች አንዱ ቢሆንም፣ ዋናው ሊግ ለጥቁሮች ዝግ ስለነበር የጉልምስና ጉልበቱን ለጥቁሮች ብቻ በተለዩ ሊጎች ጨረሰ። የዋናው ሊግ በር የተከፈተለት በ1940 ዓ.ም፣ በአርባ ሁለት ዓመቱ ነው። ከአድማስ ወዲያና ወዲህ፣ ሁለት ሰዎች በሁለት ዓይነት ኳስ አንዱን በደል ቀምሰዋል።

በ1933 ዓ.ም ወራሪው ተባረረ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን መለሰ። በ1936 ዓ.ም በአዲስ አበባ በተካሄደው ውድድር አምስት ቡድኖች ተሰለፉ፦ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ እና የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልዕኮ ቡድን። ትናንት ከነጭ ጋር መጫወት የተከለከሉት ወጣቶች ዛሬ በእኩል ሕግና በእኩል ቁጥር ፊት ለፊት ቆሙ። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱት። ለይድነቃቸው ትውልድ ግን ትልቁ ነገር አጥሩ መፍረሱ ነበር።

ይድነቃቸው በቅዱስ ጊዮርጊስ ማሊያ ሃያ ሦስት ዓመት ተጫወቱ። በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦችን እንዳስቆጠሩ ይነገርላቸዋል። ክለባቸው በ1942 ዓ.ም የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ሲያነሣም ከቡድኑ ጋር ነበሩ። ለብሔራዊ ቡድንም ተሰልፈው ተጫውተዋል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጨዋታ ያደረገው በኅዳር 1940 ዓ.ም ሲሆን፣ እንግዳው ቡድን የመጣው ከቅርብ ጎረቤት፣ ያን ጊዜ የፈረንሳይ ሶማሌላንድ ትባል ከነበረችው ከዛሬዋ ጅቡቲ ነው። ኢትዮጵያ 5 ለ 0 አሸነፈች።

ይድነቃቸው ከተጫዋችነታቸው ጎን ለጎን የስፖርቱን ቤት መሠረት ይጥሉ ነበር። ከነጻነት በኋላ የአገሪቱን የስፖርት ጽሕፈት ቤትና የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑን ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ናቸው። የልዩ ልዩ ስፖርቶችን ሕግና ደንብ ወደ አማርኛ መለሱ። ሕጉ በባዕድ ቋንቋ ብቻ ተጽፎ ሲቀመጥ ዳኝነቱም የባዕድ ሆኖ ይቀር ነበርና፣ ይህ ሥራ ከብዙ ግቦች የማያንስ ውለታ ነው።

በ1949 ዓ.ም በካርቱም አራት አገሮች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ በአጭር ስሙ ካፍን መሠረቱ። ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። ወዲያው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲዘጋጅ ዕጣ ወጣ፤ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር እንድትጫወት ተደለደለች። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት በአፓርታይድ ሥርዓት ሕዝቡን በቀለም የከፋፈለ ነበርና፣ የሚልከው ወይ ነጮች ብቻ ያሉበትን ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበትን ቡድን እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አለመሆኑን አስታወቀ። የቀሩት መሥራቾች ይህን አልተቀበሉም። ጨዋታው ቀረ፤ ኢትዮጵያም ያለ ጨዋታ ወደ ፍጻሜው አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ይድነቃቸው በልጅነታቸው የሚያውቁት አጥር በሌላ ስም ዳግም ፊታቸው ቆሞ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን አጥሩ የተከለከለው እንጂ እነርሱ አልነበሩም።

ኢትዮጵያ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ በ1954 ዓ.ም አዘጋጀች። የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ቡድኑ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረታ። ጥር 13 ቀን በአዲስ አበባ ስታዲየም በተደረገው ፍጻሜ የገጠመው ሁለቱን ቀዳሚ ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ነበረች። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ ኢትዮጵያውያን ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ግብ አክለው ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው።

ሉቺያኖና ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ነበሩ። ሉቺያኖ በድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ክለብም በመጫወቱ በምሥራቁ ሕዝብ ዘንድ በሚገባ ይታወቃል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በቀለማቸው ምክንያት ከሜዳ የተለዩት አሠልጣኝ፣ የጣሊያናዊ ልጅ በሆነ አምበል የሚመራ ቡድን ይዘው ለኢትዮጵያ ብቸኛውን የአፍሪካ ዋንጫ አስገኙ። ይድነቃቸው የተጠየፉት አጥሩን እንጂ ሰውን እንዳልነበር ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ከዚያ በኋላ ትግሉ ወደ ዓለም አደባባይ ወጣ። በዚያን ዘመን ፊፋ በአውሮፓውያን እጅ ነበር። በ1958 ዓ.ም በእንግሊዝ ለተዘጋጀው የዓለም ዋንጫ አሥራ ስድስት ቦታ ሲመደብ፣ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በአንድነት የተሰጠው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ይድነቃቸው ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው ድልድሉን ተቃወሙ፤ የአፍሪካ አገሮችም ከማጣሪያው ወጡ። መቅረቱ ዋጋ ነበረው፤ በዘመኑ ድንቅ የነበሩት የአፍሪካ ተጫዋቾች የዓለም ዋንጫን ሳያዩ ቀሩ። ሆኖም ፊፋ ለሚቀጥለው ውድድር ለአፍሪካ የራሷን ቦታ ሰጠ። በ1962 ዓ.ም ሞሮኮ በሜክሲኮ ተሰለፈች፤ በ1974 ዓ.ም ቦታው ሁለት ሆኖ አልጄሪያና ካሜሩን ወደ ስፔን ተጓዙ።

የደቡብ አፍሪካ ጉዳይም አልተዘነጋም። ፊፋ አገሪቱን በ1954 ዓ.ም አግዶ በ1955 ዓ.ም እገዳውን አነሣ። አፍሪካውያን ድምፃቸውን አስተባብረው በ1957 ዓ.ም መባቻ በቶኪዮ ጉባኤ እገዳው እንዲመለስ አደረጉ። ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልነታቸውም የአፓርታይድን ነገር በሄዱበት ሁሉ አነሡ። በ1966 ዓ.ም በፊፋ ምርጫ ለደቡብ አፍሪካ ያዘነበሉት እንግሊዛዊው ስታንሊ ሩስ ሲሸነፉ፣ ለብራዚላዊው ዦአዎ ሃቨላንጅ ድል የአፍሪካ ድምፅ ትልቅ ድርሻ ነበረው። በሐምሌ 1968 ዓ.ም በሞንትሪያል በተደረገው ጉባኤ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ፈጽማ ተባረረች።

በዚያው በ1968 ዓ.ም የካቲትና መጋቢት ኢትዮጵያ ለሦስተኛ ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫን አስተናገደች። ጨዋታው በአዲስ አበባ ብቻ አልተወሰነም፤ አንደኛው ምድብ ወደ ድሬዳዋ መጣ። ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና የዋንጫው ባለቤት ዛየር በምሥራቁ ፀሐይ ሥር ተጋጠሙ። ከጅጅጋ በሐረር በኩል፣ ከሽንሌም በእግር መንገድ የሚደረስበት ስታዲየም የአህጉሩን ታላላቅ ቡድኖች አስተናገደ። በመጨረሻ ዋንጫውን የወሰደችው በድሬዳዋ የጀመረችው ሞሮኮ ናት።

ይድነቃቸው ካፍን እስከ ዕለተ ሞታቸው ለአሥራ አምስት ዓመት መሩ። በዘመናቸው የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫና የወጣቶች ውድድር ተጨመሩ። የአህጉሩ ቤት እንዲህ ሲሰፋ፣ የገዛ አገራቸው ብሔራዊ ቡድን ግን ወደ ኋላ ቀረ። ኢትዮጵያ በ1974 ዓ.ም በሊቢያ ከተሳተፈች በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ መመለስ ተሳናት። ይድነቃቸውም የመመለሷን ቀን አላዩም። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም በካንሰር ሕመም ዐረፉ። ስድሳ ስድስተኛውን እንቁጣጣሻቸውን ለማክበር የቀሯቸው ቀናት ጥቂት ነበሩ።

አፓርታይድም ያን ጊዜ ገና አልወደቀም። የወደቀው እርሳቸው ካለፉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን ይዛ ወደ አፍሪካ ማኅበር ተመለሰች። በ1949 ዓ.ም በካርቱም የተጠየቀችው ይህንኑ ነበር፤ መልሱ ሲመጣ ግን ሠላሳ አምስት ዓመት አልፎ ነበር።

ኢትዮጵያ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው በ2005 ዓ.ም ነው። አስተናጋጇ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። የመጀመሪያው ጨዋታ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር በኔልስፕሩይት ከተማ የተደረገው ጥር 13 ቀን፣ ልክ የ1954ቱ ድል በሃምሳ አንደኛ ዓመቱ ነው። የኢትዮጵያ ግብ ጠባቂ በቀይ ካርድ ወጥቶ በአሥር ሰው የቀረው ቡድን አንድ ግብ ተቆጠረበት። አቻ የምታደርገውን ግብ ያስቆጠረው የቅዱስ ጊዮርጊሱ አዳነ ግርማ ነበር። የይድነቃቸው ክለብ ልጅ፣ ይድነቃቸው አጥሩ ካልፈረሰ አትገባም ባሏት አገር፣ አጥሩ ፈርሶ፣ በይድነቃቸው የድል ቀን ግብ አገባ።

ዛሬ ከጉናጋዶ እስከ ጅጅጋ፣ አመሻሽ ላይ አቧራው ሜዳ የልጆች ነው። ጨርቅ በካልሲ ጠቅልለው ኳስ ይሠራሉ፤ ሁለት ድንጋይ አኑረው ግብ ይሏቸዋል። ወደ ሜዳው ለመግባት የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይድነቃቸው ተሰማ ለአፍሪካ ሊያወርሱ የፈለጉት ሜዳ ይህ ነበር።