«ጸጥ ያለች ሌሊት»፦ የአንድ ዝማሬና የሁለት ትሑታን ታሪክ

የጌታችን የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በደረሰ ቁጥር በልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች ከሚሰሙት ዝማሬዎች መካከል «ጸጥ ያለች ሌሊት» የተሰኘውን ያህል የታወቀ ጥቂት ነው። ከጀርመንኛ ተነሥቶ በመቶዎች በሚቆጠሩ ቋንቋዎች ይዘመራል። ይሁን እንጂ ዝማሬውን የሚያውቅ ሁሉ ባለቤቶቹን አያውቃቸውም። እኛም በዓሉን ምክንያት በማድረግ የግጥሙን ደራሲ የአባ ዮሴፍ ሞርንና የዜማውን ደራሲ የመምህር ፍራንዝ ግሩበርን ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ዮሴፍ ሞር ታኅሣሥ 11 ቀን 1792 በሳልዝቡርግ ከተማ ተወለዱ። እናታቸው አና ሾይበር ሹራብ እየሠራች የምትተዳደር ድኻ ሴት ነበረች። ወታደር የነበረው አባታቸው ልጁ ሳይወለድ ከጦሩ ከድቶ ጠፋ። ከጋብቻ ውጭ መወለድ በዚያ ዘመን ከባድ ነውር ነበርና በክርስትና አባትነት የተመዘገበላቸው ሰው የከተማዪቱ የሞት ፍርድ አስፈጻሚ ነበር። ከዚህ ዕጣ ያወጧቸው የካቴድራሉ የዝማሬ አገልጋይ ካህን ዮሐን ኔፖሙክ ሂርንለ ናቸው። የልጁን የድምፅ ተሰጥዎ ተመልክተው አስተማሯቸው። ወጣቱ ለክህነት በበቁ ጊዜም ስለ ልደታቸው ልዩ ፈቃድ ማግኘት አስፈልጓቸው በ1815 ቅስናን ተቀበሉ።

ዘመኑ የመከራ ዘመን ነበር። የናፖሊዮን ጦርነት ገና ማብቃቱ ሲሆን፣ በ1816 ደግሞ ብርዱ በጋውን ውጦት ሰብል ጠፋ። ወጣቱ ካህን በማሪያፕፋር ተራራማ ደብር ሲያገለግሉ ስለ ሰላሟ ሌሊት ስድስት አንቀጽ ያለውን ግጥም የጻፉት በዚሁ ዓመት ነው። ሰላም የጠፋበት ሕዝብ መካከል ሆነው ስለ ሰላም መጻፋቸውን ልብ ይሏል።

በ1817 ወደ ኦበርንዶርፍ ተዛወሩ። ኦበርንዶርፍ በሳልዛህ ወንዝ ዳር ያለች፣ ሕዝቧም ጨው በጀልባ በማመላለስ የሚኖር ከተማ ነበረች። በ1816 የተሰመረው አዲስ ድንበር ከወንዙ ማዶ ካለችው ከላውፈን ለይቷት ነበር። በዚያ ከፍራንዝ ግሩበር ጋር ተዋወቁ። ግሩበር የበፍታ ሸማኔ ልጅ ሲሆኑ፣ በአርንስዶርፍ መንደር ያስተምሩ፣ በኦበርንዶርፍ ቤተ ክርስቲያንም ኦርጋን ይመቱ ነበር።

ታኅሣሥ 24 ቀን 1818 አባ ዮሴፍ ግጥሙን ለመምህሩ ሰጥተው ለሁለት ድምፅ፣ ለመዘምራንና ለጊታር የሚስማማ ዜማ እንዲያበጁለት ጠየቁ። ዜማው በዚያው ቀን ተጠናቀቀ፤ በዚያው ሌሊትም በቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን አባ ዮሴፍ ጊታር እየመቱ ሁለቱ በጋራ ዘመሩት። የኦርጋኑን ወናፍ አይጥ ስለ በላው ዝማሬው በጊታር ሆነ የሚለው ወሬ በኋላ ዘመን የተፈጠረ ነው፤ ግሩበር በጻፉት የምስክርነት ቃል ስለ አይጥ የተነሣ ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ ካርል ማውራኸር የተባሉ ኦርጋን ሠሪ ዝማሬውን ወደ ቲሮል ወሰዱት። የሽትራሰርና የራይነር ቤተሰብ ዘማሪዎችም በየአገሩ አሰሙት፤ በ1839 ኒው ዮርክ ደረሰ። ዝማሬው ሲስፋፋ ግን የደራሲዎቹ ስም ቀረ። ሕዝቡ የቲሮል ባህላዊ ዘፈን አድርጎ ወሰደው፤ ሌሎችም ለዝነኛው የሙዚቃ ሰው ለሚካኤል ሃይድን ሰጡት።

አባ ዮሴፍ ከደብር ወደ ደብር ሲዘዋወሩ ኖረው በመጨረሻ በቫግራይን ደብር ለድኾች ልጆች ትምህርት ቤት አሠሩ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1848 በሳንባ በሽታ ሲያርፉ ይህ ነው የሚባል ሀብት አልተገኘባቸውም። በሕይወት ሳሉም መልካቸውን የሣለ አልነበረም።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1854፣ የፕሩሲያ ቤተ መንግሥት የሙዚቃ ክፍል ከበርሊን ስለ ዝማሬው ምንጭ ጠየቀ። ጥያቄው ከደረሳቸው ግሩበር በቀር በሕይወት ያለ ባለቤት አልነበረም። ክብሩን ሁሉ ለራሳቸው ቢያደርጉት የሚከራከራቸው አልነበረም። እርሳቸው ግን ግጥሙ የአባ ዮሴፍ ሞር መሆኑን በግልጽ አስፍረው መሰከሩ፤ በ1863ም ዐረፉ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1995 በአባ ዮሴፍ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ፣ በ1820 አካባቢ እንደ ተዘጋጀ የሚገመት የዝማሬው ቅጂ ተገኘ። በዚህ ወረቀት ላይ ካህኑ ግጥሙን በ1816 እንደ ጻፉ፣ ዜማው ግን የግሩበር እንደ ሆነ በራሳቸው እጅ አስፍረዋል። እንግዲህ አንዱ ለሌላው መስክረዋል ማለት ነው፤ የሟቹም ምስክርነት ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ደረሰ።

ከበረት የተወለደውን የሰላም አለቃ በምናስብበት በዚህ ቀን፣ ከሁለቱ ሰዎች ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ይኸው ነው። ዝማሬው ጸንቶ የቆየው በዜማው ጣዕም ብቻ ሳይሆን የባልንጀራን ድርሻ ባለመቀማትም ጭምር ይመስለናል። ለአንባቢዎቻችን መልካም የልደት በዓል እንመኛለን።