ወይዘሮ ሮዛሊ ኤጅ እና የጭልፊት ተራራ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በየዓመቱ ጸደይ ሲገባ፣ በኦንታሪዮ ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች መነጽር አንግተው ሰማዩን ሲመለከቱ ይውላሉ። ወደ ሰሜን የሚመለሱት ጭልፊቶችና ንስሮች ሰፊውን ውኃ ማቋረጥ ስለማይወዱ በዳርቻው ተሰብስበው ያልፋሉ፤ ቆጣሪዎቹም እያንዳንዱን በየዓይነቱና በየሰዓቱ ይመዘግባሉ፤ የነፋሱንም አቅጣጫ ከጎኑ ያሰፍራሉ። በአፍሪካ ከርመው፣ ከእኛም ስምጥ ሸለቆ ተነሥተው ወደ እስያ የሚመለሱት ንስሮች በኤላት በኩል ሲያልፉ እንዲሁ ይቆጠራሉ። ይህ ሥራ ዛሬ የተከበረ ይሁን እንጂ፣ በአሜሪካ ሥር የሰደደው በአንዲት ቁጡ ሴት ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሮዛሊ ባሮ በ1877 በኒውዮርክ ከተማ ተወለዱ። በ1909 ቻርልስ ኖኤል ኤጅ የተባሉ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በዮኮሃማ ከተማ አገቡ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ለሴቶች የመምረጥ መብት በሚደረገው ትግል ገብተው በራሪ ጽሑፍ መጻፍን፣ በአደባባይ መናገርንና ባለሥልጣንን ፊት ለፊት መሞገትን ተማሩ። የኒውዮርክ ሴቶች መብታቸውን በ1917 አገኙ። ትዳራቸው በ1921 ሲፈርስ ግን ወይዘሮዋ ሐዘናቸውን የረሱት በከተማው መካከል ባለው ሴንትራል ፓርክ ወፎችን በመመልከት ነበር። ወፍ መመልከት ያን ጊዜ የጨዋ ሰዎች ጊዜ ማሳለፊያ ስለ ነበር፣ ከዚያ ጠብ ይወለዳል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

ጠቡ የተወለደው በ1929 ነው። የሃምሳ አንድ ዓመቷ ወይዘሮ ፓሪስ ሳሉ አንድ ትንሽ ጽሑፍ ደረሳቸው። ጽሑፉ የአሜሪካ አዕዋፍ እየጠፉ መሆናቸውንና ሊጠብቋቸው የተቋቋሙት ማኅበራትም ዝም ማለታቸውን ይከስሳል። ወይዘሮ ኤጅ በዚያው ዓመት በኦዱቦን ማኅበራት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተነሥተው ስለ ጉዳዩ ጠየቁ፤ መልሱም አላረካቸውም። ወዲያው የአስቸኳይ ጥበቃ ኮሚቴ የሚባል ትንሽ ቡድን አቋቋሙ። የአባላቱ ስም ዝርዝር ይሰጠኝ ብለው ተከለከሉ፤ ማኅበሩን ፍርድ ቤት አቁመው በ1931 ረቱ። ማኅበሩ ለአዕዋፍ መጠለያ በከለለው የሉዊዚያና ረግረግ፣ ማስክራት የሚባለው የውኃ እንስሳ በወጥመድ እየተያዘ ቆዳው ለማኅበሩ ገቢ መሆኑንም አጋለጡ። ፕሬዚዳንቱ በ1934 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ወይዘሮዋ በዚህ ሁሉ ለተቃዋሚ ርኅራኄ አልነበራቸውም፤ ወዳጆቻቸው እንኳ አንደበታቸውን ይፈሩት ነበር። የለዘበ ሰው ግን የስም ዝርዝሩን ባላገኘም ነበር።

ትልቁ ሥራቸው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በፔንሲልቬኒያ ኪታቲኒ የሚባል ረጅም የተራራ ተረተር አለ። በመፀው ወራት ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ነፋስ ተረተሩን ሲመታ ወደ ላይ ይነሣል፤ ወደ ደቡብ የሚሄዱት አዳኝ አዕዋፍም በዚያ ነፋስ ላይ ተንሳፍፈው፣ ክንፋቸውን ሳያደክሙ ያልፋሉ። ከአለቱ ላይ ለቆመ ሰው በጣም ቅርብ ናቸው። ይህንኑ የሚያውቁ ተኳሾች በየሳምንቱ መጨረሻ ከአለቱ ላይ ሆነው ለጨዋታ ይፈጇቸው ነበር። በአገራችንም ጭልፊት ጫጩት ነጣቂ መባሉን ለሚያውቅ አንባቢ የሕዝቡ ስሜት እንግዳ አይሆንም፤ የፔንሲልቬኒያ መንግሥት ግን ከ1929 ጀምሮ ጎስሆክ የተባለውን ትልቅ ጭልፊት ለገደለ 5 ዶላር ይከፍል ነበር። በ1932 ሪቻርድ ፓው የተባለ ወጣት የወፎቹን ሬሳ ሰብስቦ፣ በረድፍ ደርድሮ ፎቶግራፍ አነሣ።

ፎቶግራፉን ያዩ ብዙዎች አዘኑ። ሁለት ዓመት ቢያልፍም ተራራውን የያዘው አልነበረም። ወይዘሮ ኤጅ በ1934፣ አገሩ በኢኮኖሚ ድቀት በተጨነቀበት ወቅት፣ 1,400 ኤከር ያህል የሆነውን መሬት በኋላ የመግዛት መብት ጨምረው በ500 ዶላር ተከራዩ፤ ገንዘቡም የብድር ነበር። መሬቱ ከተያዘ በኋላ ተኳሹን ለማስቆም የአደን ሕግ መለወጥ አላስፈለገም፤ ባለይዞታዋ አይገባም ማለታቸው በቂ ነበር።

ለጥበቃው ሞሪስ ብራውን የሚባል ወጣት የተፈጥሮ ተመራማሪ ከባለቤቱ ከኢርማ ጋር ተላከ። በዚያ መፀው ኢርማ በመንገዱ መግቢያ ቆማ ጠመንጃ የያዘውን ትመልሳለች፤ ባሏ ከአለቱ ላይ ሆኖ የሚያልፉትን ይቆጥራል። ሥራው በመጀመሪያ የዘበኝነት ያህል ነበር። ብራውን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ባሕር ኃይል በሄደበት ጊዜ ቆጠራው ቢቋረጥም፣ ሲመለስ እንደገና ተጀምሯል። ብራውን እስከ 1966 በተራራው ቆየ፤ ከጊዜ በኋላም ቁጥር ከጎብኚነት ወደ ቆጣሪነት በተሸጋገሩ በጎ ፈቃደኞች እየተደገፈ ቀጠለ። በጸደይም በተራራው ይቆጠራል፤ ወፎቹ ያን ጊዜ በሰፊው ተበትነው ስለሚያልፉ ግን ቁጥሩ አነስተኛ ነው።

የዚህ መዝገብ ዋጋ የታወቀው ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ራሱ ነጭ የሆነው የአሜሪካ ንስር ረጅም ዕድሜ ስላለው፣ መራባት ቢያቆም እንኳ ለብዙ ዓመታት በሰማይ መታየቱ አይቀርም፤ ተመልካቹም ደኅና ነው ብሎ ይታለላል። ብራውን ግን ሸበቶውን ከወጣቱ ለይቶ ይጽፍ ነበር። ከ1935 እስከ 1939 ከታዩት ንስሮች ከመቶ 40 ወጣቶች ሲሆኑ፣ ከ1955 እስከ 1959 ከመቶ 20 ብቻ ሆኑ፤ በ1957 ለ32 ጎልማሶች የተገኘው ወጣት አንድ ነው። ሬቸል ካርሰን ስለ ዲዲቲና ስለ መሰል የተባይ መርዞች በጻፉትና በ1962 በታተመው ዝምተኛው ጸደይ በተባለው መጽሐፋቸው እነዚህን ቁጥሮች አሰፈሩ። በኋላ በተደረገ ምርምር መርዙ የእንቁላሉን ቅርፊት እያሳሳ በእናቲቱ ሥር እንዲሰበር ማድረጉ ታወቀ። አሜሪካ ዲዲቲን ለእርሻ እንዳይውል የከለከለችው በ1972 ነው።

ወይዘሮ ኤጅ ይህን ለማየት አልታደሉም። በኅዳር 1962 የሰማንያ አምስት ዓመት አሮጊት ሆነው፣ በአንድ ወቅት ፍርድ ቤት ያቆሙት ማኅበር በቴክሳስ ኮርፐስ ክሪስቲ ከተማ ወደሚያደርገው ጉባኤ ሄዱ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ወደ መድረክ አቀረቧቸው፤ ተሰብሳቢውም ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበላቸው። ከሦስት ሳምንት ያህል በኋላ በኅዳር 30 ቀን አረፉ።