ኤድዋር ሴገን፤ መምህሩና ማኅበሩ

አንድ ሙያ በአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ ተወስኖ የቀረ እንደሆነ ከዚያ ሰው ጋር ይቀበራል። ባልደረቦች ተሰባስበው ማኅበር የሚያቋቁሙትም የአንዱ ልምድ ለሌላው እንዲተርፍ ነው። ለመሆኑ አንድ ማኅበር ስሙንና መዝገቡን ጠብቆ ቁም ነገሩን ሊጥል ይችላልን? የኤድዋር ሴገን የሕይወት ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። ሰውየው የተሰማራበት ሥራ ከእኛ ከመሐንዲሶች ሥራ የራቀ ነው፤ ጥያቄው ግን የእኛም ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሴገን በ1812 በፈረንሳይ አገር፣ ክላምሲ በምትባል ከተማ ተወለደ። ለትምህርት ወደ ፓሪስ ከሄደ በኋላ ዣን ኢታር ከተባለው ሐኪም ጋር ተዋወቀ። ኢታር በአቬይሮን ጫካ የተገኘውንና ቋንቋ የማያውቀውን ቪክቶርን ለማስተማር ዓመታት የደከመ ሰው ነበር። በ1837 ሴገን በኢታር መሪነት አንድ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ማስተማር ጀመረ። በማግሥቱ ዓመት ኢታር ሲሞት ጅምሩ በዚህ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ትከሻ ላይ ወደቀ።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ ልጆች ከአእምሮ ሕሙማን ጋር በአንድ ግቢ ይዘጋባቸው ነበር። ሊማሩ ይችላሉ ብለው የሚያምኑ ሐኪሞችም ከቁጥር የሚገቡ አልነበሩም። ሴገን ግን ኅብረተሰብ ከሁሉ በታች ላሉት ሊያስብ ይገባል የሚለውን የሴን ሲሞን ተከታዮች አስተሳሰብ የተቀበለ ነበርና፣ ፍርዱን ሳይቀበል ሥራውን ቀጠለ።

ዘዴው ሥርዓት ያለው ነው። አእምሮን በቃል ከመሞከር በፊት አካልን ያሠለጥናል። ልጁ በመጀመሪያ መሰላል መውጣትን፣ ዕቃ ጨብጦ መያዝን፣ ቁልፍ መቆለፍን ይለማመዳል። ቀጥሎ መዳሰስን፣ ማየትንና መስማትን እየለየ ይማራል። ልዩ ልዩ ቅርጽ ያላቸውን እንጨቶች በየቀዳዳቸው የሚያስገባበት ሰሌዳም ይሰጠዋል። ንግግር፣ ንባብና ቁጥር የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው። መሠረት ሳይጣል ግድግዳ እንደማይቆም ለምናውቅ ሰዎች ይህ አካሄድ እንግዳ አይሆንብንም።

በ1842 ሴገን በቢሴትር ሆስፒታል እንዲያስተምር ተቀጠረ። ይሁን እንጂ ሐኪም ስላልነበረ ከሐኪሞቹና ከአስተዳዳሪዎቹ ጋር ሊስማማ አልቻለም፤ በ1843 መጨረሻ ተሰናበተ። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ኮሚሲዮን ሥራውን መርምሮ ያመሰገነው በዚያው ሰሞን ነው። ምስጋናው እንጀራውን አላስመለሰለትም። ከጎኑ የሚቆም የሙያ ማኅበርም አልነበረውም። ያለውን ዕውቀት በ1846 በመጽሐፍ አኑሮ፣ ከ1848ቱ አብዮት በኋላ ወደ አሜሪካ ተሰደደ።

በአሜሪካ ሳሙኤል ሃው በቦስተን፣ ሃርቬይ ዊልበር ደግሞ በባር ከተማ ሥራውን በ1848 ጀምረው ቆዩት። ሴገን ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ረዳቸው። በ1861 የሕክምና ዲግሪ ተቀበለ፤ በ1866ም ሁለተኛውን ታላቅ መጽሐፉን በእንግሊዝኛ አሳተመ። ከዚህም ሌላ የሰውነት ሙቀት በቴርሞሜትር እንዲለካ፣ ሐኪሞችም በሜትሪክ መለኪያ እንዲጠቀሙ ብዙ ደክሟል። የየሰዉ ሥራ ሊወዳደር የሚችለው መለኪያው አንድ ሲሆን ነውና።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሴገን ብቻውን የተሸከመው ሸክም በ1876 ተካፋይ አገኘ። በፔንሲልቫንያ ክፍለ ግዛት፣ በኤልዊን፣ ጥቂት የተቋማት ኃላፊዎች ተሰብስበው ማኅበር ሲመሠርቱ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡት። በየዓመቱ እየተገናኙ ያገኙትን ውጤትና የገጠማቸውን ችግር መለዋወጥ ጀመሩ። ነገር ግን የማኅበሩ ስም የሚጠራው ተቋማቱን የሚመሩትን ሐኪሞች ነበር፤ ከልጁ ጋር ቀኑን የሚውለው መምህር በስሙ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ሴገን በ1880 በኒው ዮርክ ሞተ።

ከእሱ በኋላ ማኅበሩ ኖረ፤ ነገሩ ግን ተለወጠ። ተቋማቱ እየሰፉ ሲሄዱ ትምህርት ቤትነታቸው ቀርቶ ማጎሪያ ሆኑ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከማኅበሩ መሪዎች አንዳንዶቹ እነዚህ ሰዎች ከኅብረተሰቡ ተለይተው እንዲዘጉና እንዳይወልዱ እንዲደረጉ እስከ መደገፍ ደረሱ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዕድሜውን የፈጀው ይማራሉ ብሎ ነበር፤ ተተኪዎቹ ግን እንዴት ይወገዱ ብለው መከሩ።

ዘዴው ከሞት የተረፈው በሌላ መንገድ ነው። ማሪያ ሞንተሶሪ የምትባል ጣልያናዊት ሐኪም የኢታርንና የሴገንን ጽሑፎች በእጇ ገልብጣ አጠናች፤ በ1907ም በሮም ሳን ሎሬንሶ ሠፈር የሕፃናት ቤቷን ስትከፍት ከዚያ የተማረችውን በሥራ ላይ አዋለች። መምህራኑም ቢሆኑ የራሳቸውን ማኅበር ለማግኘት እስከ 1922 ቆዩ። በዚያ ዓመት ኤልሳቤጥ ፋረል የተባለች የኒው ዮርክ መምህርት የልዩ ፍላጎት ተማሪዎችን መምህራን የሚያሰባስበው ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆነች። የ1876ቱ ማኅበርም ስሙን አራት ጊዜ ለውጦ፣ ከ2007 ጀምሮ የአእምሮና የዕድገት ውስንነትን በሚያመለክት ስም ይጠራል። ቀድሞ ያሰባቸውን ነገሮች ትቶ የእነዚህኑ ሰዎች መብት ደግፎ ቆሟል።

ከሴገን ሕይወት የምንወስደው ምክር ይህ ነው። ሰው ብቻውን ሲሠራ አንድ የስንብት ደብዳቤ የዓመታት ድካሙን ሊበትንበት ይችላል፤ ስለዚህ ማኅበር ያስፈልጋል። ማኅበር ግን ለማን እንደ ቆመ በየጊዜው ካልጠየቀ መሥራቹን እያከበረ ሥራውን ሊያፈርስ ይችላል። የእኛም ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባውን ሲያደርግ፣ ከሒሳቡና ከምርጫው አስቀድሞ፣ በድልድያችን የሚሻገረውንና በቤታችን የሚያድረውን ሰው ጉዳይ ያንሣ።