ቻርልስ ዲክንስና የተመኘው ቤት

በልብ ወለድ መጻሕፍት ስለ ትልልቅ ቤቶች ስናነብ ደራሲው ከየት አመጣቸው ብለን መጠየቃችን አይቀርም። እኛም ይህን ጥያቄ ይዘን የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቻርልስ ዲክንስን ሕይወት መርምረን ያገኘነውን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዲክንስ በ1812 በፖርትስማውዝ ከተማ ተወለደ። አባቱ በባሕር ኃይል የደመወዝ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። በ1817 ቤተ ሰቡ በኬንት አውራጃ ወዳለችው ወደ ቻተም ከተማ ተዛወረ። ልጁ ከአባቱ ጋራ በእግሩ ሲንሸራሸር፥ ከሮቸስተር ከተማ አጠገብ ጋድስ ሂል የሚባል አንድ ያማረ ቤት ያይ ነበር። አባቱም በርትቶ ከሠራ አንድ ቀን እዚያ ሊኖር እንደሚችል ነገረው።

ነገር ግን ይህን የነገረው አባት ራሱ ወጪው ከገቢው የሚበልጥ ሰው ነበርና በ1824 ለንደን ውስጥ በማርሻልሲ የባለዕዳዎች ወህኒ ቤት ታሰረ። የ12 ዓመቱ ልጅም ከትምህርቱ ተለይቶ በአንድ የጫማ ቀለም ፋብሪካ በዕቃዎቹ ላይ ወረቀት ሲለጥፍ ይውል ጀመር። ይህን ኀዘን እስኪሞት ድረስ አልረሳውም፤ ለልጆቹ እንኳ ሳይነግራቸው ኖረ።

ኋላም የፓርላማ ወሬ ጸሐፊ ሆነ፤ በ1836 መታተም የጀመረው የፒክዊክ ታሪክም ስሙን በአገሩ ሁሉ አስጠራው። በ1856 የልጅነት ምኞቱ የነበረውን ቤት በ1,790 ፓውንድ ገዛው።

የሚያስደንቀው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ምኞቱ በተፈጸመለት በዚያ ቤት ተቀምጦ ከ1860 እስከ 1861 «ታላላቅ ተስፋዎች» የተባለውን መጽሐፍ ጻፈ። በመጽሐፉ ያለው ትልቅ ቤት ሳቲስ ሐውስ ይባላል፤ ሳቲስም በላቲን ይበቃል ማለት ነው። ስሙን የወሰደው በሮቸስተር ከነበረ ቤት ነው። መልኩን ግን ያገኘው በዚያው ከተማ ካለው ከሬስቶሬሽን ሐውስ ነው፤ ይኸውም ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ በ1660 ከስደት ወደ ዙፋኑ ሲመለስ ያደረበት ቤት ነው።

የሳቲስ ሐውስ እመቤት ሚስ ሃቪሻም በሠርጓ ቀን ሙሽራው የከዳት ሴት ናት። ሰዓቶቹ ሁሉ ወሬውን በሰማችበት ደቂቃ፥ በአገራችን አቆጣጠር ለሦስት ሰዓት ሃያ ሲቀር፥ እንደ ቆሙ ናቸው። መስኮቱ ተዘግቷል፤ የሠርጉ ኬክ ሸረሪት አድርቶበታል፤ ሀብቱ የተገኘበት የቢራ መጥመቂያም ባዶውን ቀርቷል። በአንጥረኛ ቤት ያደገው ፒፕ ወደዚህ ቤት ገብቶ ከወጣ በኋላ በእጁ ሻካራነትና በአሳዳጊው ያፍር ጀመር።

እኛ እንደሚመስለን፥ ዲክንስ በዚህ ቤት የሀብትን ሁለት ፊት አሳይቷል። በውጭ የቆመው ድኻ ልጅ ቤቱን ገነት አድርጎ ያየዋል፤ በውስጥ ያለችው እመቤት ግን እንደ ማርሻልሲ እስረኛ ተቈልፎባታል። ስሙ ይበቃል ቢሆንም በውስጡ የጠገበ ሰው የለም። በመጨረሻም ቤቱ ይፈርሳል፤ ለፒፕ የሚቀርለት ያፈረበት የአንጥረኛው ፍቅር ነው።

ዲክንስ ራሱ ይህን ያውቅ ነበር። በ1858 ከዐሥር ልጆቹ እናት ተለይቷልና፥ የተመኘው ቤት የትዳሩን ሰላም አልመለሰለትም። በጁን 9 ቀን 1870 በዚያው በጋድስ ሂል ሞተ፤ በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያንም ተቀበረ።

ጋድስ ሂል በ1924 ትምህርት ቤት ሆነ። ያን ቤት በመንገድ ቆሞ የተመኘው ልጅ ከትምህርቱ ተነጥሎ ነበር፤ ከእርሱ በኋላ ግን ልጆች ደብተራቸውን ይዘው በበሩ ገቡ። እኛም ተማሪዎች ነንና ከታሪኩ ሁሉ ይህ ደስ አሰኘን።