ራስ ተሰማ ናደውና የባሮ መንገድ

ጋምቤላ የምንማር ልጆች ባሮን ስንሻገር ስለ አሮጌው ወደብ እናወራለን እንጂ ራስ ተሰማ ናደውን የሚያነሳ ብዙም የለም። እኔም የማውቃቸው በልጅ ኢያሱ እንደራሴነታቸው ብቻ ነበር።

ተሰማ የዳግማዊ ምኒልክ የጦር ሰው ነበሩ። ኢሉባቦር ሲያዝ ጎሬን መቀመጫቸው አድርገው ገዙ። ጎሬ ብርድና ጭጋግ ያለባት ከፍተኛ ቦታ ናት፤ ከዚያ ወደ ባሮ ሜዳ መውረድ ለደጋ ወታደር ሌላ ዓለም ነው። ምኒልክ ግን በ1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት ደብዳቤ ግዛታቸው እስከ ነጭ ዓባይ እንደሚደርስ አስታውቀው ስለነበር፣ ነገሩ ወሬ ሆኖ እንዳይቀር ሰው መሄድ ነበረበት።

በ1890 ዓ.ም. ደጃዝማች ተሰማ (ያኔ ራስ አልተባሉም) በሺህ የሚቆጠር ጦር ይዘው የባሮንና የሶባትን ዳር ተከትለው ወረዱ። ሐሳቡ ከምዕራብ የሚመጣውን የፈረንሳዩን የማርሻንን ጓድ ነጭ ዓባይ ላይ ለማግኘት ነው። ወታደሩን የጨረሰው ግን ወባው፣ ረግረጉና የስንቅ እጦቱ ነበር። ዋናው ጦር ከኋላ ቀርቶ አንድ የተመረጠ ክፍል ብቻ በሰኔ ወር ሶባት ከነጭ ዓባይ ከሚገናኝበት ደረሰ። የኢትዮጵያ ባንዲራ ቀኝ ዳር ላይ ተተከለ፤ የፈረንሳዩን ደግሞ ሩሲያዊው ኮሎኔል አርታሞኖቭና ሁለት ኮሳኮቹ ወንዙን ዋኝተው ተከሉት። ማርሻን ግን የለም! በሽታውና ረሃቡ ስለጠና ተመለሱ። ማርሻን ፋሾዳ የገባው ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት እንኳን ሳይሞላ ነው። ብዙም ሳይቆይ እንግሊዞች መጡና ባንዲራውም አልቆየም።

በ1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ሲዋዋሉ ወሰኑ ከነጭ ዓባይ ርቆ ተሰመረ። አኙዋክና ኑዌር ሳይጠየቁ እዚህና እዚያ ተከፈሉ፤ ዘመቻውን የሚያወድሱ ሰዎች ይህቺን ይዘሏታል። በዚያው ውል ኢታንግ አጠገብ ለእንግሊዝ የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ በተግባር የተቋቋመው ግን እዚህ ጋምቤላ ነው። የጎሬ ቡና እየወረደ፣ ክረምት ባሮ ሲሞላ በመርከብ ካርቱም ይሄድ ጀመር። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በ1949 ዓ.ም. ነው።

ተሰማ በጥቅምት 1902 ዓ.ም.፣ ምኒልክ ታመው ሳሉ፣ የልጅ ኢያሱ ባለሙሉ እንደራሴ ሆኑ። በመጋቢት እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ሲገለሉ የአገሩ ሸክም እሳቸው ላይ ወደቀ። ሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሞቱ። ለኢያሱ ሌላ እንደራሴ አልተሾመም።